ኮስትሬን የገደልኩበት ማይክሮፎን

በካዛንቺስ ታሪክ ኮሪያኛ፣ ሂንዲ፣ ቻይንኛና ታይኛ አቀላጥፎ የተናገረ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኡራኤል እስከ መስቀል አደባባይ ያለ ቤት የእስያን ሕዝብ የሚሰማው በእኔ አፍ ነበር። ንጉሥ ሆኜ አዋጅ አስነግሬያለሁ። ሙሽራ ሆኜ አልቅሻለሁ። አማት ሆኜ ምራቴን በጥፊ መትቻለሁ፤ ጥፊውን የተቀበልኩትም እኔው ነኝ።

ከአራቱ ቋንቋዎች አንዱንም አልችልም። በየትኛቸውም "እንደምን አደርክ" ማለት አላውቅም። እንግሊዝኛዬም ቢሆን የሚሠራው ጽሑፉ ከስክሪኑ ሥር ቀስ ብሎ ካለፈ ነው፤ ከፈጠነ ሰላም ተባብለን እንለያያለን።

ሥራውን ያገኘሁት በቶምቦላ ነው። የቀበሌያችን መዝናኛ ክበብ ቁጥር ጠሪ ነበርኩ። "ሰባ ሰባት" ስል ግቢው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማለቴ ቆርቆሮው ልል ስለነበረ ነው። ጋሽ ሸምሱ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ ቪዲዮ የሚያከራዩት ሰውዬ፣ አንድ እሁድ ካርቴላቸውን ረስተው እኔን ሲሰሙ ዋሉ። ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "ይሄ ድምፅ ቁጥር ላይ ባከነ፤ ነገ ሱቅ ና" አሉኝ።

በማግስቱ ስቱዲዮውን አሳዩኝ። ከሱቁ ጀርባ ያለች ቁም ሣጥን የምታክል ክፍል ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የስፖንጅ ፍራሽ ተቸንክሯል። ማይክሮፎኑ ትንፋሽ እንዳይመታው የሕፃን ካልሲ ለብሷል። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጆሮው የሞተ ማዳመጫ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ የእንጨት ወንበር። ወንበሩ ሲነኩት ስለሚጮህ በቀረጻ ሰዓት መተንፈስ እንጂ መነቃነቅ አይፈቀድም።

ፈተናዬ ሰባት ሰው ማዕድ ላይ የሚጣላበት የኮሪያ ፊልም ነበር። ሰባቱንም ብቻዬን ተጣላሁ። ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና አሁን የምታለቅሰዋ ማን ናት ብለው ጠየቁኝ። አያትየዋ ናት አልኳቸው። ፍየል መስላኝ ነው አሉና ቀጠሩኝ።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፊልሙን እያቆምክ ታያለህ፤ እንግሊዝኛውን እያነበብክ አማርኛውን በደብተር ትጽፋለህ። ከዚያ የኦርጅናሉን ድምፅ ዝቅ ታደርገዋለህ፤ ከሥር እንደ ጎረቤት ጠብ ይሰማል። አንተ በላዩ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጥ ታነባለህ። ከተሳሳትክ ሁሉንም እንደገና ነው። ስለዚህ አትሳሳትም፤ ማለትም ስትሳሳት ትቀጥላለህ።

ጋሽ ሸምሱ ሁለት ነገር አይታገሡም። አንደኛው ዝምታ ነው። "ደንበኛ ሦስት ሰከንድ ዝም ያለ ፊልም ካየ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል" ይሉኝ ነበር። "ሰውየው ዝም ካለ አንተ አስብለት።" ኮሪያውያን ደግሞ ባሕር አይተው ዝም ማለት ይወዳሉ። የእኔዎቹ ባሕር ባዩ ቁጥር ስለ ቤት ኪራይ ያስቡ ነበር። አንዱ ጄኔራል በጦርነት ዋዜማ ቆሞ ጨረቃ ሲያይ ቅዳሜ ሽንኩርት መግዛት እንዳለበት አስታውሼዋለሁ።

ሁለተኛው ሻይ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ተርጓሚ ኮምፒውተሩ ላይ ሻይ ስለደፋ፣ ክፍሏ በር ላይ "ሻይ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ግን ሰባት ሰው ሆኜ የምጮኽ ሰው ነኝ፤ ጉሮሮዬ ሻይ ይፈልጋል፤ ስኳሩም ስድስት ማንኪያ። በጃኬቴ ሥር ደብቄ አስገባ ነበር። ይህችን ያዙልኝ።

ከዚያ ኮስትሬ መጣ።

የኮሪያዊው ተዋናይ እውነተኛ ስም ሦስት ቁራጭ ነበር፤ ቁራጮቹ ደግሞ በየዲስኩ ካርቶን ላይ ቦታ ይለዋወጣሉ። ጋሽ ሸምሱ ስሙን የማያውቁትን ሰው ማን ይከራያል ብለው ተበሳጩ። ሰውየው በእያንዳንዱ ፊልም ግንባሩን ቋጥሮ ነው የሚያየው፤ እና ኮስትሬ አልኩት። በወሩ የካዛንቺስ ፀጉር አስተካካዮች "የኮስትሬ ቁርጥ" የሚል ፎቶ መስተዋታቸው ላይ ለጠፉ። የታክሲ ረዳቶች ግንባራቸውን ቋጥረው ሒሳብ መጠየቅ ጀመሩ። ሴቶቹ ሱቅ መጥተው የሚጠይቁት ኮስትሬ ያለበት አዲስ ገባ ወይ ብለው ነበር። አንዲት ልጅ "ለኮስትሬ፣ ኮሪያ" ብላ ደብዳቤ ላከች፤ ደብዳቤው ሳምንት ሳይሞላ እኛው ሱቅ ተመልሶ መጣ። ፖስታ ቤቱም ኮስትሬ የት እንደሚኖር ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አድናቂነት ያኔ እንዲህ ነበር። ኮከቡ ሩቅ ነው፤ አንተ መኖርህን አያውቅም፤ አንተም እንዲያውቅህ አትጠብቅም። በመካከላችሁ ያለው አንድ ተርጓሚ፣ አንድ ካልሲ የለበሰ ማይክሮፎን፣ አንድ ፖስተር ነው። እኔ ካልነገርኩህ ኮስትሬ ምን እንዳለ አታውቅም። እኔ ከነገርኩህም አታውቅም፤ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የኮስትሬ ትልቁ ተከታታይ ፊልም ስለ አንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። አሥር ዲስክ ነው፤ በየሳምንቱ ከዱባይ በመንገደኛ ሻንጣ ሁለት ሁለት እየሆነ ይመጣል። ዘጠኙን ሠራሁ። ሰፈሩ መጨረሻውን ለማየት ቅዳሜ ጠዋት ወረፋ ሊይዝ ተነጋገረ። ዐርብ ከሰዓት አሥረኛውን ዲስክ ከፈትኩት። ተቧጭሮ ነበር። ኮምፒውተሩ ኮርኮር አለ፣ ፈለገ፣ ፈለገና ተፋው። ደጋግሜ አስገባሁት፤ ደጋግሞ ተፋው።

ጋሽ ሸምሱ ዲስኩን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ተቧጭሮ ነው የመጣው አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ።

"ጨርሰው" አሉኝ።

"ምኑን ጋሼ?"

"ታሪኩን። ጠዋት ወረፋ አለ።"

ጨረስኩት። ከክፍል አሥራ አንድ ኮስትሬ ዓሣ ተመርዞ ሆስፒታል የተኛበትን ወሰድኩ። ከክፍል አራት የሚወዳት ልጅ ውሻዋ ጠፍቶባት ያለቀሰችበትን ወሰድኩ። ባሕሩን ከየቦታው ሰበሰብኩ። አስተኛሁት፣ አስለቀስኳት፣ ገደልኩት። ችግሩ የሆስፒታሉ ትዕይንት ረጅም ነው፤ ኮስትሬ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ እኔ ደግሞ ዝምታ አይፈቀድልኝም። ኑዛዜ ያስፈልገዋል። ምን ይናዘዝ? ክፍሏን ዞር ብዬ አየሁ። ከእኔና ከኮምፒውተሩ ሌላ ያለው ያ የሚጮኽ ወንበር ብቻ ነው።

እና ኮስትሬ በእኔ ድምፅ እንዲህ አለ፦ "ወንበሬን አታንሡት። ባዶም አታድርጉት። የደከመው ሰው ሲመጣ አስቀምጡበት፤ እኔ እንደተቀመጥኩ እቆጥረዋለሁ።"

ቅዳሜ ወጣ። እሁድ ካዛንቺስ ለቅሶ ተቀመጠ። አላጋንንም፤ አንድ ሹፌር ሚኒባሱን ዳር አቁሞ ሲያለቅስ ተሳፋሪዎቹ ወርደው አጽናንተውታል። እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ። እትዬ ዘነበች ግን እውነት ናቸው። እትዬ ዘነበች ከሱቃችን ጀርባ ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ሹፌሩም የቢሮ ሠራተኛውም ምሳ የሚበላው እዚያ ነው። ሰኞ ዕለት ምስር ወጡን እያማሰሉ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ጨው አላስፈለገውም ነበር።

በዓመቱ ባለቤታቸው ጋሽ በቀለ አረፉ። ጋሽ በቀለ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የምግብ ቤቱ በር ላይ አንድ ወንበር ነበረቻቸው፤ ገቢ ወጪውን ሰላም የሚሉት እዚያ ተቀምጠው ነው። ለቅሶው አልቆ ሰዎች ወንበሯን ሊያነሡ ሲሉ እትዬ ዘነበች ከለከሉ። "ኮስትሬ ያለውን ረሳችሁት?" አሏቸው። ማንም አልረሳም ነበር። ወንበሯ ቀረች።

ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። "ይህን ቃል ከኮሪያ ድረስ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። የደከመ ሰው ካልከኝ ካንተ በላይ የለም፤ ሰባት ሰው ሆነህ ነው የምትውለው። ምሳህ እዚህ ነው፣ ወንበርህም ይሄ ነው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን በጋሽ በቀለ ወንበር ላይ፣ ሳልከፍል፣ በሐሰት ስበላ ኖርኩ።

ሙያው ሲሞት እንደ ኮስትሬ ኑዛዜ አልነበረውም። መጀመሪያ የሳተላይት ጣቢያዎች መጡ፤ ለሴቷ ሴት፣ ለወንዱ ወንድ አናገሩ። ይህ ከባድ ግፍ ነው፤ እኔ ብቻዬን የምሠራውን ለአሥራ አምስት ሰው አካፈሉት። ከዚያ ስልክ መጣ። ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ዘግተው ሴራሚክ መሸጥ ጀመሩ። ሴራሚክ ዝም ቢል ማንም አይመልሰውም አሉኝ። እኔ የስልክ መስታወት መለጠፍና ኅትመት ገባሁ፤ ባነር፣ ስቲከር፣ ኩባያ ላይ ፎቶ።

ካዛንቺስ ሲፈርስ እትዬ ዘነበችም እኔም ወደ ኦሎምፒያ ተጠጋን። ዕቃቸው በጭነት መኪና ሲሄድ ወንበሯ ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ተቀመጠች፤ እኔና እሳቸው ከድስቶቹ ጋር ኋላ ተሳፈርን።

አሁን ወደ ሶልያና እንምጣ። ሶልያና የእትዬ ዘነበች የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ ሱቄ ገባችና ስልሳ የኩባያ መጠቅለያ ወረቀትና አንድ ባነር አዘዘችኝ። ለልደት ነው አለች። የማን ልደት ነው ብዬ ፎቶውን ከፍላሹ ከፈትኩት።

ኮስትሬ ነው። ሸብቷል፣ መነጽር አድርጓል፣ እና ይስቃል። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ነፍሱን ይማረውና" አልኩ፣ ከአፌ አመለጠኝ፣ "እንዴት ያምራል።"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሶልያና ቀስ ብላ፣ "ጋሽ ጌታሁን፣ ማንን ነው ነፍሱን ይማር የሚሉት?" አለችኝ።

በፊልሙ ይሞት የለ አልኳት። አይሞትም አለችኝ። ልጅቷን አግብቶ ዓሣ መሸጫ ይከፍታል፤ ውሻውም ይገኛል። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ወንበሩስ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች ልጅ ያደገችው በወንበሩ ቃል ነው፤ እናቷ አባቷን የሸኙበት ቃል ነው። ትልቅ ስትሆን ፊልሙን በኦርጅናሉ አየችው። የወንበሩ ቃል የለም። አራት ጊዜ አየችው። ቃሉን ለማግኘት ብላ ኮሪያኛ ተማረች፤ ከስልክ፣ ብቻዋን፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ያስመሰልኩትን ቋንቋ በሁለት ዓመት። አሁንም የለም። ከዚያ ለኮስትሬ አድናቂዎች ማኅበር ጻፈች፦ "አገሬ ውስጥ የታየው ቅጂ ላይ አንድ ትዕይንት አለ፤ እናንተ ጋ የለም።"

እዚህ ላይ ያልገባኝ ዓለም ተከፈተልኝ። ማኅበሩ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ማኒላ፣ ጃካርታ፣ ባንኮክ፣ ሴኡል ያሉ ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ነርስ፣ አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ ሦስት ልጅ ያላት። ኮስትሬ ተረስቶ ነበር፤ ከድሮ ፊልሞቹ አጫጭር ቁራጭ እየቆረጡ እየለቀቁ ከመረሳት ያወጡት እነሱ ናቸው። አዲስ ፊልም ሲወጣ ደቂቃ በደቂቃ ተከፋፍለው በየቋንቋቸው ይተረጉሙታል፤ ማንም አይከፍላቸውም፤ ጠዋት ሥራ ይገባሉ። ኮስትሬ ራሱ በየቀኑ በስልካቸው በልታችኋል ወይ ብሎ ይጽፍላቸዋል። እነሱም የበሉትን ይነግሩታል። በእኔ ዘመን ኮስትሬን ምሳ በልቷል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

እነዚህ ሴቶች የሶልያናን ጥያቄ ይዘው መርማሪ ሆኑ። "የጠፋው የወንበር ትዕይንት" ብለው ስም አወጡለት። የሴኡሏ ለፊልሙ ደራሲ ደብዳቤ ጻፈች። የባንኮኳ አሮጌ ካሴት ሰብሳቢዎችን ጠየቀች። ፈልገው ፈልገው ሲያጡ ፊታቸውን ወደ ሶልያና አዞሩ፤ ውሸታም አሏት። ገብታበት ከነበረው የተርጓሚዎች ቡድንም አስወጧት። የልደቱ ዝግጅት ልትታረቃቸው ያሰበችበት ነበር።

ይህን ሁሉ ቆማ ነገረችኝ። ዲስኩ ተቧጭሮ መጣ፣ ወረፋ ነበር፣ ጋሽ ሸምሱ ጨርሰው አሉኝ አልኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አለኝ።

"ሁለት ነገር ያደርጋሉ" አለችኝ። "በእጅዎ ጽፈው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ቅዳሜ ልደቱን በምናከብርበት ካፌ ያነቡታል፣ እኔ በኮሪያኛ እየተረጎምኩ በስልክ በቀጥታ ይተላለፋል። ከዚያ በፊት ግን ለእማዬ ይነግሯታል። ከስልክ እንዳትሰማው።"

በእጄ ለምን አልኩ። እዚያ አገር ኮከብ ሲያጠፋ በእጁ ጽፎ ነው ይቅርታ የሚለው አለችኝ፤ በኮምፒውተር ከሆነ ጸሐፊው ነው የጻፈው ይባላል። አድናቂዎቹ የፊደሉን መንቀጥቀጥ ሳይቀር አጉልተው ያያሉ። እኔ ለገዛ ሚስቴ እንኳ በጽሑፍ ይቅርታ ብዬ አላውቅም አልኳት። እሱን በኋላ አለች።

የመጀመሪያውን ጽፌ ወሰድኩላት። ቀልዱን ያውጡት አለችኝ። ሁለተኛውን ወሰድኩ። ራስዎን ያሞገሱበትንም ያውጡት አለች። ሦስተኛው አጠረ፤ በጣም አጠረ። እሱ ይሁን አለች።

እትዬ ዘነበች ጋ ያለው ግን አልተጻፈም። ረቡዕ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ "እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት" ስል ጎመን ጨመሩልኝ። ሐሙስ፣ "እትዬ፣ ስለዚያ ፊልም" ስል የጋሽ በቀለ ሙት ዓመት ሊደርስ ነው፣ ኑዛዜውን በድምፅህ ትልልኛለህ አሉኝ።  ዐርብ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ "ምን ሆነሃል አንተ፣ ደክሞሃል፣ ደህና አድርገህ ደገፍ በል" አሉኝ። ደገፍ አልኩ። ደገፍ ብዬ መናገር አቃተኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኦሎምፒያ ያለው ካፌ ሞላ። ስልሳ ኩባያ ላይ ኮስትሬ ይስቃል። ባለልደቱ የለም፣ ኬኩ አለ፣ ሻማው በራ፣ ልጆቹ በኮሪያኛ ዘፈኑለት። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊት ተቀምጠዋል፤ የኮስትሬን ኩባያ በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ይሄ ልጅ ከሞተ በኋላ አምሮበታል አሉኝ። ሶልያና ይህን ሰማች። እኔን አየችኝ። አልነገሯትም ማለቷ ነው። አልነገርኳቸውም።

ስልኩ ፊቴ ተተከለ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። "ስሜ ጌታሁን ነው። ትርጉም ፊልም እሠራ ነበር። የዓሣ አጥማጆቹ ፊልም አሥረኛ ዲስክ ተቧጭሮ ስለመጣ መጨረሻውን አላየሁም። ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ። የወንበሩን ቃል የተናገረው እሱ አይደለም። ሶልያና አልዋሸችም። ይቅርታ።"

ሶልያና አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ተረጎመችው። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ የቆየሁ ነኝና አንድ ነገር አስተዋልኩ። ምንም አልጨመረችም። እኔ ቃል አጥሮኝ ስቆም እሷም ቆመች። ሦስት ሰከንድ አለፈ፣ አምስት አለፈ። ማንም ዲስኩ ተበላሽቷል አላለም።

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ዘነበች ኩባያውን አስቀመጡ።

"ኮስትሬ አልሞተም?"

"አልሞተም እትዬ።"

"ወንበሬን አታንሡት ያለው?"

"እኔ ነኝ።"

"ከየት አመጣኸው?"

"ክፍሏ ውስጥ ወንበር ነበረ።"

 ጥፊ ጠብቄ ነበር፤ ተለማምጄዋለሁ፣ በሁለቱም በኩል። አልመቱኝም።

"ወንበሩ ይቀመጣል" አሉ። "ቃሉ ለበቀለ ሆኗል፤ አንተም ልትወስደው አትችልም። ምሳህን ና ብላ። አግዳሚው ላይ ግን።"

አግዳሚው ላይ እበላለሁ። በሁለት ሹፌሮች መካከል፣ ክርን ለክርን። ወንበሯ ላይ አሁን መንገድ የሚጠርጉ አንዲት ሴትዮ ይቀመጣሉ፤ ስድስት ሰዓት ላይ መጥረጊያቸውን ደገፍ አድርገው ገብተው እፎይ ይላሉ። እውነቴን ነው የምለው፣ ከእኔ የበለጠ ደክሟቸዋል። የሙት ዓመቱ ቀንም ኑዛዜውን ያነበበችው ሶልያና ናት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሴኡል ምሽት እኛ ጋ የምሳ ሰዓት ሲሆን፣ ኮስትሬ ከአድናቂዎቹ ጋር በቀጥታ ሲያወራ አንዷ ስለ እኔ ጠየቀችው። ሶልያና ስልኳን ሽሮ ድስቱ አጠገብ ይዛ እየተረጎመች ነገረችን። ለካ ሰውየውም መጨረሻው ላይ መሞት ፈልጎ ደራሲዋን ለምኗት ነበር፤ እምቢ ብላዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ምኞቴን ሞልቶልኛል ብሎ ሳቀ። ከይቅርታዬ ጀምሮ ውሸታም ሲሉኝ የነበሩ የማኒላ ሴቶች ያን ዕለት ለእኔ ልብ መላክ ጀመሩ። አንድ ቃሉ ፍርዱን ሁሉ ገለበጠው። ሶልያናንም ወደ ቡድኑ መለሷት። እትዬ ዘነበች ብቻ ከአግዳሚው አላነሡኝም።

ከስክሪኑ ሥር የሚያልፈውን የአማርኛ ጽሑፍ አሁን የምትሠራው ሶልያና ናት። አልፎ አልፎ ሱቄ መጥታ አንድ የአማርኛ ቃል ትጠይቀኛለች፤ "አኩርፋ" ይሻላል ወይስ "ተቀይማ"? እነግራታለሁ። ሰውየው ባሕር አይቶ ዝም ሲል ምን ይበል ብዬ ስጠይቃት ግን ምንም አይበል ትለኛለች። ባዶውን ስክሪን እንዳለ ታልፈዋለች።

ወደ ሙያው ለምትገቡ የምለው ይህን ብቻ ነው። መጨረሻውን ካላያችሁት አላየሁትም በሉ። ዲስኩ ከተቧጨረ ዲስኩ ተቧጭሯል ብላችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ወረፋው ይበተናል፤ ነገ ይመለሳል።

ዲስኩን በተመለከተ፣ ይቅርታዬ ውስጥ፣ ለጋሽ ሸምሱ፣ ለሶልያና፣ ለእትዬ ዘነበችና ለመላው እስያ ተቧጭሮ መጣ ብያለሁ። አልመጣም። ከዱባይ የመጣው ንጹሕ ሆኖ፣ በፕላስቲኩ ነው። የሻይ ብርጭቆ ያስቀመጥኩበት እኔ ነኝ፤ ሻዩ ሥሩ ፈሰሰ። ስድስት ማንኪያ ስኳሩ ከጠረጴዛው ጋር አጣበቀው፤ በማስመሪያ ፈልቅቄ አነሣሁት፤ ቀጥዬ በጥርስ ሳሙናና በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት።